ወደ ውኃው የሚወስደው መንገድ የማን ነው?

በዐረብኛ «መሽራዕ» የሚባል ቃል አለ። ሰውና ከብት ውኃ ሊጠጡ የሚወርዱበት፣ ጀልባም የሚጠጋበት የወንዝ ዳር ማለት ነው። በደቡብ ሱዳን በባሕር ኤል ጋዛል በኩል የሚገኘው መሽራዕ ኤር-ረቅ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የዝሆን ጥርስና የባሪያ ነጋዴዎች ከጀልባ ወርደው የእግር ጉዞ ይጀምሩበት የነበረው ስፍራ፣ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ቃል ነው። ከዚያው ሥር የበቀለው ሌላው ቃል ደግሞ «ሸሪዓ» ነው። ዛሬ ይህን ቃል የሚሰማ ሰው ሃይማኖታዊ ሕግን ብቻ ያስባል። የጥንቶቹ የዐረብኛ መዝገበ ቃላት ሊቃውንት ግን ቀዳሚ ፍቺውን ሲሰጡ ወደ ውኃ የሚያደርስ ስፍራ ነው ይላሉ። ያውም ስሙን ለማንኛውም ውኃ አይሰጡትም፤ ውኃው የማይነጥፍ፣ ለዓይን የሚታይና ገመድ ጥሎ መቅዳት የማያስፈልገው ሊሆን ይገባል።

የቃል ሥር የሐሳብ ማስረጃ አይሆንም፤ በዚህ ስሕተት የወደቁ ብዙዎች ናቸው። ሆኖም ሕግን ከውኃ መውረጃ ጋር በአንድ ቃል የጠሩት ሰዎች የበረሃ ሰዎች ነበሩና፣ አንድ ነገር ሳያውቁ አልቀሩም። ውኃው የሁሉ ነው ማለት ቀላል ነው። ችግሩ የሚጀምረው ወደ ውኃው በሚወስደው ጥቂት ክንድ መሬት ላይ ነው።

ይህን ጥያቄ እንደ ጁባ አጉልቶ የሚያሳይ ከተማ አይገኝም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጁባ በባሪ ሕዝብ አገር፣ በነጭ ዓባይ ምዕራባዊ ዳርቻ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ከእርሷ በስተደቡብ እስከ ኒሙሌ ድረስ ወንዙ በአለት የሚንደረደር ስለ ሆነ፣ ከሰሜን የሚመጣ መርከብ መድረሻው እዚያው ነው። ከኡጋንዳ ድንበር 192 ኪሎ ሜትር ተጉዞ የሚመጣው የጭነት መኪና ዕቃውን ያራግፋል፤ ባርጁ ተረክቦ ወደ ቦርና ወደ ማላካል ይወርዳል። ከጎንዶኮሮ ደሴት አትክልት የጫኑ ጀልባዎች ይሻገራሉ። የውኃ ቦቴዎች ጎማቸውን ወደ ወንዙ አቅርበው በፓምፕ ይስባሉ። ብስክሌታቸው ላይ ጀሪካን የደረደሩ ወጣቶች ይቀዳሉ፤ ሴቶች ልብስ ያጥባሉ፤ ልጆች ይዋኛሉ። ይህ ሁሉ የሚሆነው በአንድ ወንዝ ዳር፣ ብዙ ጊዜም ጎን ለጎን ነው።

ሰው ሁሉ ወደ ወንዙ የሚወርደው ለሽርሽር አይደለም። የከተማዋ አሮጌ ማጣሪያ በቀን የሚያመርተው 7,200 ሜትር ኩብ ያህል ነበር። ጁባ ግማሽ ሚሊዮን ሰው ብቻ ይኖርባታል ቢባል እንኳ፣ አንዲት ጠብታ በመንገድ ሳትባክን ለአንድ ሰው 14 ሊትር ገደማ ይደርሰዋል፤ አንድ ጀሪካን እንኳ አይሞላም። በጃፓን መንግሥት እርዳታ 10,800 ሜትር ኩብ ሊጨምር የታቀደው ሥራ እ.ኤ.አ. በ2013 እና በ2016 በተቀሰቀሱት ውጊያዎች ተስተጓጉሎ ዓመታት ፈጅቷል። በዚሁ አገር እርዳታ የተጀመረው፣ 560 ሜትር የሚረዝመው የነፃነት ድልድይም በተመሳሳይ ምክንያት ሲቆምና ሲጀመር ቆይቶ የተመረቀው በሜይ 2022 ነው። ቧንቧ ያልደረሰበትን ቤት የሚያጠጣው እንግዲህ ቦቴው ነው። ከቦቴዎቹ ባለቤቶችና ሾፌሮች ብዙዎቹ ደግሞ ለረጅም ጊዜ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ነበሩ። ከጥቁር ዓባይ ምንጭ አገር ተነሥቶ የነጭ ዓባይን ውኃ በበርሜል የሚሸጥ ሰው «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚለውን ተረት በአዲስ ጆሮ ሳይሰማው አይቀርም።

ለመሆኑ ይህ ዳርቻ የማን ነው? የደቡብ ሱዳን የ2011 የሽግግር ሕገ መንግሥት መሬት የሕዝቡ ነው፤ አጠቃቀሙን የሚወስነው ግን መንግሥት ነው ይላል። የኢትዮጵያ አንባቢ ይህን አነጋገር ያውቀዋል። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ የጋራ ሀብት ከሆነ ወዲህ «የሕዝብ» እና «የመንግሥት» የሚሉት ቃላት በአማርኛ እንደ መንታ እኅትማማቾች እየተቀያየሩ ኖረዋል። «ፐብሊክ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል የሚተረጉም ሰው ሁልጊዜ እዚህ ላይ ብዕሩን ያቆማል። የሕዝብ ነው ብሎ ቢጽፍ፣ ማንም ሰው ሳያስፈቅድ የሚገባበት ይመስላል። የመንግሥት ነው ብሎ ቢጽፍ ደግሞ ዘበኛ የቆመበት አጥር ይታየዋል። ልዩነቱ የቃላት ብቻ አይደለም፤ ጀሪካን ተሸክማ ወንዝ ዳር ለደረሰች ሴት፣ ከሁለቱ የትኛው ትርጉም እንደሚሠራ የሚነግራት በሩ ላይ የቆመው ሰው ነው።

የሮማ ሕግ ዐዋቂዎች ይህን ቋጠሮ በሚያስገርም ጥንቃቄ ፈትተውት ነበር። በ533 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. በዩስቲንያኖስ ትእዛዝ በወጣው የሕግ መማሪያ መሠረት ወንዝና ወደብ የሕዝብ ናቸው። የወንዙ ዳርቻ ባለቤትነት አጠገቡ ያለው የባለ ርስቱ ሊሆን ይችላል፤ አጠቃቀሙ ግን እንደ ወንዙ ሁሉ የማንም ነው። ጀልባውን ሊያስጠጋ፣ በዳርቻው ዛፍ ላይ ገመድ ሊያስር፣ ጭነቱን ሊያራግፍ ለሚመጣ ሁሉ መንገዱ ክፍት ነው። ባለቤት መሆንና ከልካይ መሆን ሁለት ነገር ናቸው ማለታቸው ነው። ርስቱን አልነጠቁትም፤ የመከልከል ሥልጣኑን ብቻ ቀነሱበት።

የወንዝ ዳርን ዋጋ ነገሥታትም ያውቁ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በሜይ 1902 ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል በባሮ ወንዝ ላይ፣ በኢታንግ አካባቢ፣ ለንግድ ጣቢያ የሚሆን መሬት ለሱዳን መንግሥት በኪራይ እንዲሰጥ ተስማምተዋል። ውሉ የሚለካው በስፋት ብቻ አልነበረም። ከ400 ሄክታር እንዳይበልጥ ከማለቱ በፊት፣ በወንዙ ዳር ያለው ርዝመት ከ2,000 ሜትር እንዳያልፍ ይወስናል። ከኋላ ያለው ሜዳ ምንም ያህል ቢሰፋ ውኃ ዳር ካልደረሰ ጣቢያ አይሆንም፤ ዳርቻው ግን በሜትር የሚቆጠር ነው፤ አንዱ የያዘውን ሌላው አያገኘውም። ጋምቤላ የወንዝ ወደብ የሆነችው በዚህ ውል ምክንያት ነው።

ታዲያ በጁባ ከ2005ቱ የሰላም ስምምነት በኋላ የታየውም ይኸው ነው። የእርዳታ ድርጅቶችና ነጋዴዎች ሲጎርፉ፣ በወንዙ ዳር የድንኳን ሆቴሎች ተደረደሩ። ውኃውን ማንም አልሸጠውም፤ አልገዛውም። የተያዘው ዳርቻው ነበር። በባሕር ዳርም የጣና ዳርቻ በሆቴልና በመዝናኛ ሲያዝ ያየ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ሐይቁ በ2015 በዩኔስኮ የብዝኀ ሕይወት ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ታንኳ የሚያስጠጋ ሰው ግን ከመዝገቡ ይልቅ የሚፈልገው ጥቂት ሜትር ደለል ነው።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል፤ ቀላል ተቃውሞም አይደለም። ወንዙ ክፍት መሆኑ ሰው ይገድላል። በሜይ 2014 በጁባ የኮሌራ ወረርሽኝ ታውጇል፤ በኦክቶበር 2024 በሬንክ የታወጀውም ወረርሽኝ ጁባ ደርሷል። ቦቴው ከሚስብበት በላይ ልብስ ከታጠበ፣ ከዚያም በላይ ሰው ከተጸዳዳ፣ «መንገዱ ለሁሉ ክፍት ይሁን» ማለት በሽታንም ለሁሉ ማካፈል ነው። ስለዚህ ዳርቻው ይታጠር፣ ይስተካከል፣ አስተዳዳሪ ይሾምለት የሚል ሰው ጨካኝ ተብሎ ሊሰደብ አይገባም።

ይሁን እንጂ ማጠርና ማስተካከል አንድ አይደሉም። ቦቴ የሚሞላበትን ስፍራ ከከተማው ቆሻሻ በላይ ማድረግ፣ እዚያው ክሎሪን የሚጨምር ሰው ማቆም፣ የልብስ ማጠቢያውን ወደ ታች ማውረድና መድረክ መሥራት፣ መጸዳጃ ቤትን ከውኃው አርቆ መገንባት ማስተካከል ነው። ይህ ሁሉ ሳይሠራ በጤና ስም በር መዝጋት ግን በሽታውን አያስቀረውም። የተከለከለችው ሴት ውኃ ሳትቀዳ ወደ ቤቷ አትመለስም፤ ከዚያ የባሰ ገደል ፈልጋ ትወርዳለች። ክልከላው ፍትሐዊ የሚሆነው ምትኩ ከክልከላው በፊት ሲቀድም ብቻ ነው። ቀድሞ ቧንቧ፣ ኋላ አጥር። በተግባር ግን አጥር ከቧንቧ ይረክሳልና ተራው ይገለበጣል።

የክፍያውም ነገር እንዲሁ ነው። መድረክ ይሰነጠቃል፤ ደለል ይሞላል፤ የሚጠግነው ሰው ደመወዝ ይፈልጋል። ባርጅ የሚያራግፍ ነጋዴ ቢከፍል ማንም አይበደልም፤ ቦቴውም ቢከፍል ምክንያት አለው። ከጀሪካኑ ላይ ግን ቀረጥ መጣል ሌላ ነገር ነው። ባለ ብስክሌቱም ነጋዴ ነው፣ ስለምን ይለያል? ቢባል፣ መልሱ ከእርሱ የሚገዛው ሰው ዘንድ ነው። በርሜልና ታንከር ያለው ቤት ከቦቴ በጅምላ ይገዛል። ማስቀመጫ የሌለው ጀሪካን በጀሪካን ሲገዛ ለሊትሩ ከባለ ታንከሩ የበለጠ ይከፍላል። በብስክሌቱ ላይ የተጣለው ሳንቲም የሚያርፈው በእርሱ ላይ ነው።

ክፍት መሆን ብቻውን በቂ እንዳልሆነ የጎንዶኮሮ ታሪክ ያስታውሳል። ሳሙኤል ቤከር ከስፒክና ከግራንት ጋር በፌብሩዋሪ 1863 የተገናኙበት ያ ጠረፍ፣ በአውሮፓ መጻሕፍት የአሳሾች መገናኛ ተብሎ ይወደሳል። በዚያው ዘመን ግን የባሪያ ነጋዴዎች ጀልባዎችም የሚጠጉት እዚያው ነበር። ጠባቂ የሌለው ዳርቻ የሁሉ አይሆንም፤ የኃይለኛው ይሆናል። ፓምፕ ያለው ቦቴ ጀሪካን የያዘችውን ልጅ ሲገፋትም የሚሆነው፣ በአነስተኛ መጠን፣ ይኸው ነው። ስለዚህ ጥያቄው ዘበኛ ይኑር ወይስ አይኑር ሳይሆን፣ ዘበኛው ማንን ከማን እንዲጠብቅ ተቀጠረ የሚለው ነው።

ይህ ልዩነት በንድፍ ወረቀት ላይ በግልጽ ይታያል። ጀልባ የሚወርድበት የኮንክሪት ተዳፋት በመቶ ሜትር ከ12 እስከ 15 ሜትር ያህል ቢያዘቀዝቅ ይመቻል፤ ለመኪናና ለተጎታች ጥሩ ነው። 20 ኪሎ የሚመዝን ጀሪካን በራሷ ተሸክማ ለምትወጣ ሴት ግን፣ አረንጓዴ ሽበት ያበቀለ ለስላሳ ኮንክሪት ከጭቃው የከፋ ነው። ለእርሷ የሚያስፈልጋት ሰፋፊ ደረጃ፣ መያዣ ብረትና ዕቃ ማሳረፊያ ድንጋይ ነው። ዋጋው ከተዳፋቱ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው፤ ግን በጨረታ ሰነድ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ተዳፋቱ ነው፤ የሚመረቀውም እርሱ ነው።

ወንዙም ቁመቱን ይለዋውጣል። የነጭ ዓባይ መጠን የሚወሰነው በአብዛኛው ከቪክቶሪያ ሐይቅ በሚወርደው ውኃ ነው። ሐይቁ በሜይ 2020 ከ1964 ወዲህ ያልታየ ከፍታ ላይ ደርሶ ነበር፤ በ2024 ደግሞ ያንንም አልፏል፤ በታችኛው ተፋሰስ በቦር በኩል መንደሮች ለዓመታት በጎርፍ ተከበዋል። በደረቁ ወራት መሐንዲስ ለክቶ የሚያስቀምጠው የታችኛው ደረጃ በእንዲህ ያለ ዓመት ከውኃ በታች ይቀራል፤ የመርከቡ መድረክም ተንሳፋፊ ሆኖ ከውኃው ጋር ከፍና ዝቅ ካላለ አያገለግልም። ውኃው የትኛው ዛፍ ሥር እንደሚደርስ፣ የትኛው ገደል በየዓመቱ እንደሚናድ የሚያውቁት ከጎንዶኮሮ የሚሻገሩት ጀልበኞችና በየማለዳው የሚወርዱት ሴቶች ናቸው። ልኬቱ ሲወሰድ እነርሱ እዚያው ወንዙ ዳር አሉ፤ ሠራተኞቹ መንገድ እንዲለቁላቸው ያዟቸዋል።