ሩኽሳው የእርሱ ነው፣ ደረጃው ግን የእኛ



ውድ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እነሆ ጁሙዓ ደረሰልን፤ አልሐምዱሊላህ። ገላችንን ታጥበን፣ ሽቶ ተቀብተን፣ ሱረቱል ከህፍ ቀርተን ወደ መስጂድ እንወጣለን። በሩ ላይ በክራንች የቆመ ወይም በዊልቸር የተቀመጠ ወንድም ስናይ እጃችን ቶሎ ኪሳችን ውስጥ ይገባል። ሰደቃ መልካም ነው፤ አላህ ይቀበለን። ግን ያ ሰው ሊለምን ሳይሆን ሊሰግድ መጥቶ ደረጃው አግዶት ቢሆንስ?

ዲናችን ገር ነው። ቆሞ መስገድ ያልቻለ ተቀምጦ፣ እሱንም ያልቻለ በጎኑ ተኝቶ እንዲሰግድ ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ለዒምራን ኢብኑ ሑሰይን (ረ.ዐ.) አስተምረዋል። በሕመም ወይም በአቅም ማጣት ጁሙዓ መምጣት ያልቻለም ቤቱ ዙህር ይሰግዳል፤ ወንጀል የለበትም። ይህ ሩኽሳ ለእርሱ የተሰጠ እዝነት ነው። እኛ ግን አንዳንዴ ሩኽሳውን ቀምተን ለራሳችን እናደርገዋለን፤ «እሱ እኮ ግዴታ የለበትም፣ ቤቱ ይስገድ» እንላለን። እርሱ መምጣት እየፈለገ መንገዱን የዘጋነው እኛ ከሆንን፣ ዑዝር ያለው እርሱ እንጂ እኛ አይደለንም።

እስቲ ዐጧእ ኢብኑ አቢ ረባሕን (ረሒመሁላህ) እናስታውስ። ታላቅ ታቢዒይ ናቸው። የታሪክ ዘጋቢዎች ጥቁር፣ እጃቸው የሰለለ፣ እግራቸው የሚያነክስ፣ አንድ ዓይናቸው የጠፋ፣ በኋላም ጭራሽ ማየት የተሳናቸው እንደነበሩ ጽፈዋል። እኚህ ሰው የመካ ሙፍቲ ነበሩ! በበኑ ኡመያ ዘመን በሐጅ ወቅት ከዐጧእ በቀር ማንም ፈትዋ እንዳይሰጥ ይታወጅ ነበር። ተማሪያቸው ኢብኑ ጁረይጅ እንደተናገሩት ለ20 ዓመት ያህል መኝታቸው መስጂዱ ነበር። ያኔ በር ላይ አስቀርተዋቸው ቢሆን ኖሮ ኡማው ስንት ዒልም ያጣ ነበር? ዛሬም በጅግጅጋ፣ በአውበሬ፣ በቀብሪበያህ ወይም በቶጎ ውጫሌ እግሩ አልሄድ ስላለ ብቻ ከዱግሲ የቀረ ልጅ ካለ፣ ምን ዓይነት ዓሊም ቤት ውስጥ እንደዘጋንበት አላህ ነው የሚያውቀው።

የከተማችንን መንገድ ታውቁታላችሁ። ከአስፋልቱ ወጣ ሲሉ ጠጠርና አቧራ ነው፤ ሲዘንብ ደግሞ ጭቃ። በዚያ ላይ ዊልቸር መግፋት ከባድ ነው፤ ያለው አማራጭ ባጃጅ ነው። ሹፌሩ «ወንበሩን አጥፌ እስክጭን ጊዜዬን ይወስዳል» ብሎ ካለፈው የዚያ ሰው ጁሙዓም አለፈ። ሰውን መጓጓዣው ላይ እንዲወጣ ማገዝና ዕቃውን ማንሳት ሰደቃ መሆኑን ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ነግረውናል። የያኔው መጓጓዣ ግመልና ፈረስ ነበር፤ የዛሬው ባጃጅ ነው። አጅሩ አልተቀየረም።

ምላሳችንንም እንጠብቅ። በሶማልኛም በአማርኛም ሰውን በአካሉ ጉድለት ቅጽል ስም አውጥቶ መጥራት ለምደናል። አላህ በሱረቱል ሑጁራት 11ኛው አንቀጽ በመጥፎ ስም መጠራራትን ከልክሏል። ባለቤቱ ቢስቅም ልቡ ምን እንደሚል አታውቁም። እናቱ ያወጣችለት ስም አለው፤ በሱ ጥሩት።

ወጣቶች ሆይ፣ ከዚህ ጁሙዓ ጀምሮ ልንሠራው የምንችለው አለ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኛ መግቢያ እንዲኖራቸው ደንግጎ ነበር። ምህንድስና የምትማሩ፣ ሜትር ይዛችሁ የሰፈራችሁን መስጂድ ደረጃ ለኩ። የተለመደው ስሌት 1 ለ 12 ነው፤ ከፍታው 30 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 3 ሜትር ከ60 የሚረዝም ተዳፋት መውጫ ይበቃል። ጥቂት ከረጢት ሲሚንቶ ለመስጂዱ ኮሚቴ ይዛችሁ ቅረቡ፤ ሰደቀቱል ጃሪያ ይሆንላችኋል። ውዱእ ቦታው ላይ ጠንካራ ወንበርና መደገፊያ ብረት አድርጉ። ጎማው ምንጣፉን ያቆሽሻል ከተባለ እርጥብ ጨርቅ ይዛችሁ ጥረጉት። ሰፉ ውስጥ ቦታ ልቀቁለት። ዊልቸሩን ግን ሳትጠይቁት አትግፉ፤ «ላግዝህ ወይ?» በሉት። ሰላምታችሁም ለገፊው ሳይሆን ለእርሱ ይሁን።

አላህ ሆይ! በአካላቸው የተፈተኑ ወንድሞቻችንንና እህቶቻችንን ሶብርና ዓፊያ ስጣቸው። እኛንም በቤትህ ደጃፍ እንቅፋት ከሚሆኑባቸው አታድርገን። ኣሚን።

ሰለዋት እናብዛ። ጁሙዓ ሙባረክ!