ልጅ ጋባዥ ስትሆን

የታላቅ ወንድሜ ልጅ አራተኛ ክፍል ሳለች ከትምህርት ቤት አንድ ወረቀት ይዛ መጣች። ለአንድ ዓመት የሚያገለግል የብሔራዊ ፓርኮች ነጻ መግቢያ ነበር። ከፌርፋክስ ጎዳና ገባ ብሎ ባለው ቤታቸው ማቀዝቀዣው ላይ በማግኔት ለጠፈችው። ወንድሜ አነበበውና ሳቀ። «ሜዳ ለማየት ወረቀት? መንዝ ከአያታችን ዘንድ ከብት ስጠብቅ ማን ጠየቀኝ?» አለ። ወረቀቱ ከተለጠፈበት ሳይነሳ ጊዜው አለፈ። ያን ዓመት እኔ መኪናም ቅዳሜም ነበረኝ። ነገር ግን ስለ ተፈጥሮና ሥነ ጽሑፍ የመመረቂያ ምዕራፍ እየጻፍኩ ስለነበር ልጅቷን የትም አልወሰድኳትም።

የወንድሜ ሳቅ ግን ከምዕራፌ ይልቅ አሳሰበኝ። የሁሉም የሆነን ነገር «በነጻ ሰጠሁህ» ማለት ምን ማለት ነው? ስጦታ ነው ወይስ ስድብ?

ወረቀቱ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2015 በፕሬዚዳንት ኦባማ ዘመን ከተጀመረ ፕሮግራም ነው። የአራተኛ ክፍል ተማሪ የሆነ ልጅ ሁሉ ከመስከረም እስከ ነሐሴ ቤተሰቡን ይዞ ወደ ፌዴራል ፓርኮችና ደኖች ያለ ክፍያ ይገባል። ያለዚያ ለምሳሌ ወደ ጆሹዋ ትሪ ለመግባት አንድ መኪና 30 ዶላር ሲከፍል ኖሯል።

ወንድሜ «ማን ጠየቀኝ?» ማለቱ ግን ሙሉ እውነት አይደለም። እዚያው መንዝ የጓሳ መሬት አለ። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሽማግሌዎች እየጠበቁት፣ ሣሩ እስኪያገግም ለዓመታት ይዘጋ ነበር፤ ሲከፈት ደግሞ ገብቶ የሚያጭደውና የሚያግጠው የመጀመሪያዎቹ አቅኚዎች ዘር የሆነ ሰው ብቻ ነበር። ይህ ሥርዓት የፈረሰው ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ነው። እንግዲህ የጋራ መሬት በር አልባ ሆኖ አያውቅም። ልዩነቱ በሩ የሚጠይቀው ጥያቄ ላይ ነው።

የጓሳ በር «የማን ዘር ነህ?» ይል ነበር። የፓርኩ በር «ስንት አለህ?» ይላል። ሦስተኛም አለ፦ ካሊፎርኒያ የመንግሥት ድጎማ ለሚያገኙና ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ አረጋውያን የምትሰጠው «ጎልደን ቤር» የተባለ የፓርክ ካርድ «ምን ያህል ቸግሮሃል?» ብሎ ይጠይቃል። ካርዱን አላቃልልም፤ ለብዙዎች ጠቅሟል። ነገር ግን ይሉኝታ በሚያስርበት ማኅበረሰብ ውስጥ ድህነትን በማስረጃ ማሳየት ራሱ ክፍያ ነው። የልጅቷ ወረቀት ግን የጠየቃት «ስንተኛ ክፍል ነሽ?» ብቻ ነው። የሐኪም ልጅም የጥበቃ ልጅም በዚያ ክፍል ያልፋሉ። ለሁሉም ስለሚሰጥ ማንንም አያሳንስም።

ከዚህ በላይ የገረመኝ ሌላ ነው። በብሔራዊ ፓርኮች ዕድሜው ከ16 በታች የሆነ ልጅ ድሮም አይከፍልም። ታዲያ ወረቀቱ ለማን ነው? ለአዋቂዎቹ ነው። ልጅቷ አባቷን፣ እናቷንና እኔን ይዛ እንድትገባ ነው። እኛ ቤት ልጆች የአከራዩን ደብዳቤ ይተረጉማሉ፤ ቅጽ ይሞላሉ። በእነሱ በኩል የሚመጣው ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ ዕዳ ነው። ይህኛው ግን ግብዣ ነበር። ወንድሜ መንግሥት ሜዳ ሊመጸውተው የመጣ መስሎት ሳቀ፤ የጠራችው ግን ልጁ ነበረች። እኔም ጥሪዋን አልሰማሁም።

«ችግሩ ክፍያው መቼ ሆነ?» የሚል ይኖራል። ወንድሜ ቅዳሜም እሑድም ታክሲ ይነዳል፤ ጆሹዋ ትሪ ከሁለት ሰዓት በላይ ያስነዳል፤ ቤንዚኑ ከመግቢያው አይተናነስም። እውነት ነው፤ ዕረፍት ለሌለው ሰው ነጻ መግቢያ ግማሽ ስጦታ ነው። ይህ ግን ቀሪውን ግማሽ ለመጠየቅ እንጂ የተሰጠውን ለመናቅ ምክንያት አይሆንም። ደግሞም የወንድሜን ችግር እየጠቀስኩ የራሴን ስንፍና ስሸፍን ራሴን ይዤዋለሁ። እሱ ጊዜ አልነበረውም፤ እኔ ነበረኝ።

ልጅቷ አሁን ስድስተኛ ክፍል ናት፤ ያ ዓመት አይመለስም። ሆኖም እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በካሊፎርኒያ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት እንደ መጽሐፍ የሚያውሱት የመኪና መግቢያ አለ፤ ከ200 በላይ በሆኑ የክፍለ ግዛቱ ፓርኮች ይሠራል። የቤተ መጻሕፍት ካርድ ያለው ሁሉ ይዋሳል። ነገሩ እንደ ማኅበር ጽዋ ነው። ጽዋው የማንም የግል አይደለም፤ ተራህ ሲደርስ ቤትህ ያድራል፣ ከዚያ ለሚቀጥለው ታስረክባለህ። ተቀባይ ነገ ሰጪ ስለሆነ አንገት የሚያስደፋ ነገር የለውም።

ባለፈው ሳምንት ተዋስኩት። ማሊቡ ክሪክ እንሂድ ብዬ ወንድሜን ስጠይቀው ዛሬም ሳቀ። ልጅቷ ስትጠይቀው ግን ዝም አለና እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እንደማይሠራ ነገራት። ካርዱን በቀኑ መመለስ አለብን፤ ተረኛ ይጠብቃል።