ለምትታረድ ጫጩት

ልጅዎ ክንፏ የወደቀ፣ ዓይኗን የጨፈነች ጫጩት ይዞ ቢመጣ ምን ይሉታል? እኛ ቤት ይህ ሆነ። ካርቶን ውስጥ ጨርቅ አንጥፈን፣ ሙቅ ውሃ የያዘ ጠርሙስ ጠቅልለን ከጎኗ አኖርን። ጫጩት በመጀመሪያው ሳምንቷ 32 ዲግሪ ያህል ሙቀት ትሻለች፤ ላባዋ ገና አልወጣምና። ውሃ በጣት ጫፍ ምንቃሯን ማስነካት እንጂ በጉሮሮዋ ማንቆርቆር አይገባም፤ ትታነቃለች። በሦስተኛው ቀን ቆማ ፍርፋሪ ለቀመች፤ አልሐምዱሊላህ!

ልጁ ግን «ስታድግ ለዒድ አይደል የምናርዳት?» አለኝ። ዝም አልኩ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ወፉ የሞተበትን ሕፃን አቡ ዑመይርን ስለ ወፉ እየጠየቁ አጫውተውታል፤ አራጅም ቢላውን እንዲስልና እንስሳውን እንዲያሳርፍ አዘዋል። ማረድ ተፈቀደልን እንጂ ማሰቃየት አልተፈቀደልንም፤ በሕይወት እስካለች ድረስ እኛ ላይ ሐቅ አላት አልኩት።

«ታዲያ ስም ላውጣላት?» አለኝ።