ስለ ዱቤና ስለ መዝገብ

ልማድ ሁሉ ሲጀመር ምክንያት ነበረው። ምክንያቱ አልፎ ልማዱ ብቻውን የቀረ እንደ ሆነ ግን፣ ሰው የሚያከብረው ምን እንደ ሆነ ሳያውቅ ያከብረዋል፤ ነጋዴም የሆነ እንደ ሆነ ልማዱ ወረቱን እየበላበት «የአባቶቼ ወግ ነው» ይላል። ጥያቄው እንግዲህ ይህ ነው፤ ትንሽ ነጋዴ ሱቁ እንዲሰፋለት የቆየ ልማዱን ቢተው፣ ከልማዱ ጋራ ርኅራኄውንም ይጥላልን?

ነገሩን በአንድ ስፍራ ላይ አድርጎ መመርመር ይሻላል። በአዲስ አበባ ደቡብ፣ በአቃቂ ቃሊቲ፣ ገላን ኮንዶሚኒየም የሚባል መንደር አለ። ገላን ከቱለማ ኦሮሞ ጎሣዎች የአንደኛው ስም ነው። ቤት የሚታደለው ግን፣ እንደ ከተማይቱ ኮንዶሚኒየሞች ሥርዓት፣ በዘር ወይም በጉርብትና ሳይሆን በዕጣ ነው፤ ስለዚህ ከአራዳ የመጣውና ከኮልፌ የመጣው በአንድ ደረጃ ይወጣሉ። ዕጣ የደረሰውም ብዙ ጊዜ ቤቱን አከራይቶ ሌላ ስፍራ ይኖራል፤ ተከራዩም ኪራይ ሲጨመርበት ዕቃውን ጭኖ ይሄዳል። ከፎቁ ሥር ሱቅ የከፈተ ሰው ዘይትና ስኳር የሚሸጠው ለእነዚህ ነው።

በቀድሞው ሰፈር የዱቤ ዋሱ ዕውቂያ ነበረ። ባለሱቁ የተበዳሪውን አባት ያውቃል፤ በአንድ ዕድር ይቀባበራሉ፤ ሰውየው ባይከፍል ነውሩ ከቤተ ሰቡ ይደርሳል። ስለዚህም መጻፍ እንደ መጠርጠር ይቈጠር ነበር፤ የሚጽፍ ባለሱቅም ጎረቤቱን ያላመነ ይባል ነበር። ዛሬ ከአራተኛው ፎቅ ወርዶ «ደመወዝ ሲወጣ እሰጣለሁ» የሚለውን ሰው ግን ባለሱቁ ስሙን እንኳ በሙሉ አያውቅም። ዋስ የነበረው ዕውቂያ ሄዷል፤ የቀረው ይሉኝታ ብቻ ነው። ይሉኝታም ዋስ ሊሆን አይችልም፤ የሚይዘው አበዳሪውን እንጂ ተበዳሪውን አይደለምና።

ከዱቤው ጋራ ተያይዞ የሚሄድ ሌላ ልማድ አለ፤ ይኸውም የሱቅን ኪስና የቤትን ኪስ አንድ ማድረግ ነው። ልጅ ሲታመም ከመሳቢያው ይወሰዳል፣ ለሠርግም ከመሳቢያው ይወሰዳል፤ የኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህም የሱቁ ገንዘብና የቤቱ ገንዘብ በአንድ ስልክ ገብቶ በአንድ ስልክ ይወጣል። መሣሪያው አዲስ ሆነ፤ ልማዱ ግን እንደ ነበረ ነው። አበዳሪ ተቋም ስለ ገቢና ስለ ወጪ ሲጠይቀውም ባለሱቁ የሚያሳየው ወረቀት የለውም።

እዚህ ላይ አሮጌ የሆነው ሁሉ ይጣል ማለት አይገባም። ዕቁብ ከቴሌብር ይልቅ ያረጀ ነው፤ ነገር ግን ጸሐፊና ዳኛ አለው፣ ዕጣ የደረሰውንም ዋስ ጥራ ይለዋል። የማያውቁት ሰው ሊገባበት የሚችለውም ስለዚህ ነው። ደግሞ ከልማድ ሁሉ የጠበቀ የሚመስለው የቅኔ ቤት እንኳ ትናንት የተቀኙትን ዛሬ መድገምን አይወድም።

ነውር የሚባለውም ነገር ቢሆን ይለወጣል። በአፄ ምኒልክ ዘመን እቴጌ ሆቴል በአዲስ አበባ በተከፈተ ጊዜ፣ ምግብን በገንዘብ መሸጥና ገዝቶ መብላት በብዙዎች ዘንድ የሚያሳፍር ነበረ፤ እንጀራ ለእንግዳ የሚቀርብ እንጂ የሚመዘን ዕቃ አልነበረምና። ንጉሡ መኳንንቱን አስከትለው ሄደው ዋጋውን በመክፈል ልማዱን እንዳስለመዱ ይነገራል። ዛሬ እንጀራ ጋግራ በመሸጥ ልጆችዋን የምታሳድግ ሴት ምንም ነውር አልሠራችም፤ እንግዳም ከቤትዋ ጾሙን አይወጣም። መሸጥና ማስተናገድ ተለያዩ እንጂ አንዱ ሌላውን አላጠፋውም።

በዱቤም ላይ የሚፈለገው እንዲህ ያለ መለየት ነው። «ድኻ ቢመጣስ?» የሚል ይኖራል፤ ጥያቄውም የዋዛ አይደለም። ፍትሐ ነገሥት ምጽዋትን በመንፈሳዊው ክፍል፣ ብድርን በሥጋዊው ክፍል ለይቶ ያስቀምጣል። ያልተጻፈ ዱቤ ግን ሁለቱን ያደባልቃል። ባለሱቁ ሲሰጥ «አበደርሁ» ይላል፤ ሳይመለስለት ሲቀር «ለነፍሴ ይሁን» ይላል፤ በልቡ ግን ቂም ይይዛል። እንዲህ የሆነ እንደ ሆነ ብድሩም አልተመለሰ፣ ምጽዋቱም በፈቃድ አልተሰጠ። ደግሞም የሚከፍለው ሰው ባልከፈለው ፈንታ በዋጋ ጭማሪ ይቀጣል፤ ይህ በደል ለማንም ሳይታይ የሚደረግ ነው። የሚጽፍ ሰው ልቡ የደነደነ ይመስላል፤ ነገር ግን ምን ያህል እንደ ሰጠ፣ ለማንስ እንደ ሰጠ የሚያውቅ እርሱ ብቻ ነው። አሥር ብር ለመስጠት የሚችል ሰው አሥሩን አስቦ ቢሰጥ፣ መቶውን ሳያውቅ አጥፍቶ ሱቁን ከመዝጋት ይሻለዋል፤ ሱቁ ከተዘጋ በኋላ ድኻው ወደማን ይሄዳል?

ስለዚህ ባለሱቁ በደብተሩ ሁለት ገጽ ይክፈት፤ አንዱ ስምና ቀን ያለበት የብድር ገጽ፣ ሁለተኛው እንዲመለስ የማይጠብቀው። ያኔ ግን አንድ ነገር ይገጥመዋል። ባልዋ የሞተባት፣ ልጆች ያሉዋት ሴት ዱቄት ልትወስድ ትመጣለች፤ እርሱም በሁለተኛው ገጽ ሊጽፋት እጁን ሲዘረጋ፣ «እከፍላለሁ፤ ከብድሩ ጻፈኝ» ትለዋለች። ይህችን ሴት በስጦታ ገጽ መጻፍ ዱቄቱን ሰጥቶ ክብርዋን መውሰድ ነው። እንደ ወደደችው በብድር ገጽ ይጽፋታል፤ የመክፈያውን ቀን ግን ባዶ ይተወዋል።