የገብስ ዳቦና የስንዴ ዳቦ፦ የሥራ ላፕቶፕ ምርጫ በኦሪትና በታልሙድ ሚዛን

የሥራ መሣሪያ ሲገዛ ርካሹን መምረጥ ቁጠባ፣ ውዱን መምረጥ ቅንጦት ነው የሚለው አስተያየት ብዙ ጊዜ ሳይመረመር የሚታለፍ ቢሆንም፣ የአይሁድ ሊቃውንት ግን ጥያቄውን ከ1,600 ዓመታት በፊት በዳቦና በመጠጥ ምሳሌ አንስተው፣ ዛሬ ላፕቶፕ ለሚገዛ ሰው ጭምር የሚያገለግል መልስ ሰጥተውበታል። ጉዳዩ በቴል አቪቭና በሃይፋ መካከል፣ በሜዲትራኒያን ባሕር ዳርቻ የምትገኘውን የሐዴራን ከተማ በቅርብ ይመለከታል። በ1891 የተቆረቆረችው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው) ይህች ከተማ ከኢትዮጵያ የመጡ ብዙ የቤተ እስራኤል ቤተሰቦች ከሰፈሩባቸው የእስራኤል ከተሞች አንዷ ናት። በ1984 መጨረሻ በሱዳን በኩል በተጀመረው በዘመቻ ሙሴ፣ እንዲሁም በግንቦት 1991 በ36 ሰዓት ገደማ ከ14,000 በላይ ሰዎችን ከአዲስ አበባ ባነሳው በዘመቻ ሰሎሞን የገቡት ወላጆች ያሳደጓቸው ልጆችና የልጅ ልጆች ዛሬ ኮሌጅ ይማራሉ፣ የሒሳብ መዝገብ ይይዛሉ፣ ፕሮግራም ይጽፋሉ። ለብዙዎቹ ቤቶች ላፕቶፕ ቀላል ወጪ ባለመሆኑ ምርጫው የገንዘብ ብቻ ሳይሆን የሕሊናም ጥያቄ ይሆናል።

አምራቾች ለሥራ የሚያዘጋጇቸውን ላፕቶፖች በደረጃ ከፍለው ይሸጣሉ። ሌኖቮ በቲንክፓድ ስም ከሚያወጣቸው መካከል የኢ ተከታታይ ዝቅተኛው ሲሆን፣ የቲ ተከታታይ ከእርሱ ከፍ ያለ ነው፤ ኤች ፒ ፕሮቡክንና ኤሊትቡክን እንዲሁ ለይቶ ያቀርባል፤ ዴልም ለረጅም ዓመታት ላቲትዩድን በ3000፣ በ5000 እና በ7000 ቁጥሮች ሲለይ ቆይቶ በ2025 ስሙን ወደ ዴል ፕሮ፣ ዴል ፕሮ ፕላስና ዴል ፕሮ ፕሪሚየም ለውጦታል። ገዢው ብዙ ጊዜ የሚገምተው ውዱ ላፕቶፕ በፍጥነት እንደሚያስብ ነው፤ ነገር ግን የማሽኑ አእምሮ የሆነው ፕሮሰሰር በሁለቱም ደረጃዎች ከአንድ ቤተሰብ ሊሆን ይችላል። ከሐዴራ በስተ ሰሜን ባለችው በሃይፋ የሚገኘው የኢንቴል የምርምር ማዕከል በ2003 ለገበያ ያበቃው፣ በሥራ ስሙ ባንያስ ይባል የነበረው የላፕቶፕ ፕሮሰሰርም ለአንድ ደረጃ ብቻ የተሠራ አልነበረም። የዋጋው ልዩነት በዋነኛነት የሚያርፈው በአካሉ ጽናት፣ በስክሪኑ፣ በቁልፍ ሰሌዳው፣ በባትሪውና በዋስትናው ዘመን ላይ ነው።

ልዩነቱ በግልጽ ከሚታይባቸው ቦታዎች አንዱ የክዳኑ ማጠፊያ ነው። በብዙ ርካሽ ላፕቶፖች ማጠፊያውን የሚይዙት ብሎኖች የሚታሰሩት በፕላስቲኩ ውስጥ በተቀበሩ ትንንሽ የነሐስ ቀለበቶች ላይ በመሆኑ፣ ማጠፊያው ሲጠጥር ወይም ክዳኑ በአንድ ጥጉ ብቻ ተይዞ ሲከፈት ጫናው በሙሉ በቀለበቱ ዙሪያ ባለው ስስ ፕላስቲክ ላይ ይወድቃል፤ ፕላስቲኩ ይሰነጠቃል፣ ቀለበቱ ይነቀላል፣ ከዚያ በኋላ ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር የታችኛው አካል አብሮ ይላቀቃል። በከፍተኛው ደረጃ ማጠፊያው አብዛኛውን ጊዜ ከአሉሚኒየም ወይም ከማግኒዚየም ከተሠራ አካል ጋር ስለሚያያዝ በየቀኑ ከቦርሳ እየወጣ በባቡር ላይ የሚከፈት ላፕቶፕ ዓመታትን ይሻገራል። ስክሪኑም እንዲሁ ነው፦ ኒት በሚባለው የብርሃን መለኪያ ርካሹ ብዙ ጊዜ 250 ወይም 300 ሲሆን፣ ውዱ 400 እና ከዚያ በላይ ይደርሳል፤ በመስኮት አጠገብ በቀን ብርሃን የሚያነብ ሰው ይህን ልዩነት በዓይኑ ድካም ያውቀዋል። ሆኖም ውድ የሆነው ሁሉ በሁሉም ነገር ይበልጣል ማለት አይደለም። እጅግ ቀጭን በሆኑት ውድ ላፕቶፖች ብዙዎቹ ላይ ራም፣ ማለትም ማሽኑ በሥራ ላይ ያለውን ነገር የሚይዝበት ማኅደር፣ ከዋናው ሰሌዳ ጋር ተበይዶ ስለሚመጣ ኋላ ማሳደግ አይቻልም፤ በርካሾቹ ብዙዎቹ ላይ ግን ተጨማሪ ራም የሚገባበት ክፍት ቦታ አለ።

ሃይማኖታዊው ክርክር የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። ታልሙድ፣ በ200 ገደማ በተሰበሰበው የቃል ሕግ፣ ማለትም በሚሽና ላይ፣ የኋላ ሊቃውንት ያካሄዱት ውይይት የተመዘገበበት መጽሐፍ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ የኖሩት ቤተ እስራኤል ሕይወታቸውን ይመሩ የነበረው በግእዝ በተጻፈው ኦሪትና በቄሶቻቸው ትውፊት ስለነበር ለብዙ ሽማግሌዎች ከዓሊያ፣ ማለትም ወደ እስራኤል ከመግባት፣ በኋላ የተዋወቁት መጽሐፍ ነው። በሻባት ክፍል፣ በ140ኛው ቅጠል ላይ ረቢ ሒስዳ የገብስ ዳቦ መብላት እየቻለ የስንዴ ዳቦ የሚበላ ሰው ባል ታሽሒት የተባለውን ትእዛዝ እንደሚጥስ ይናገራል። ባል ታሽሒት የማባከን ክልከላ ሲሆን፣ መነሻው በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 20 የተጻፈው፣ ከተማ የሚከብብ ሠራዊት የፍሬ ዛፍ እንዳይቆርጥ የሚያዘው ሕግ ነው፤ ሊቃውንቱም ሕጉን ወደ ምግብ፣ ወደ ልብስ፣ ወደ ዕቃና ወደ ገንዘብ አስፋፍተውታል። ረቢ ፓፓም ተከትሎ ጠላ መጠጣት እየቻለ ወይን የሚጠጣ ሰው ያንኑ ትእዛዝ ይጥሳል ይላል። ረቢ ፓፓ ራሱ ጠላ ጠማቂ ነበረ፤ ታልሙዱ ግን ተናጋሪው ከነገሩ ይጠቀማል በማለት አባባሉን አይጥለውም። የሚመልሰው በፍሬ ነገሩ ነው፦ ሁለቱም አባባሎች ተቀባይነት የላቸውም፣ ምክንያቱም የሰውን አካል ከማባከን መጠበቅ ገንዘብን ከማባከን ከመጠበቅ ይቀድማል።

ይህ ውሳኔ በአጭሩ የተቀመጠ ቢሆንም የሚገለብጠው ነገር ትልቅ ነው። ረቢ ሒስዳ ብክነትን የለካው ከኪስ በወጣው ገንዘብ ሲሆን፣ ታልሙዱ ግን በመለኪያው ላይ ሰውየውን ራሱን ጨመረበት፤ በዚህም ምክንያት ርካሹን የመረጠ ሰው ገንዘቡን አድኖ አካሉን አባክኖ ሊገኝ፣ እንዲህም ሲሆን ትእዛዙን የጣሰው እርሱ ሊሆን ይችላል። በሐዴራ የምትኖርና በየቀኑ በባቡር ወደ ሃይፋ ወይም ወደ ቴል አቪቭ እየተመላለሰች በቀን ስምንት ሰዓት በላፕቶፕ የምትሠራ ሴት ደብዛዛ ስክሪን፣ ጣት የሚያደክም ቁልፍ ሰሌዳና እኩለ ቀን ላይ የሚያልቅ ባትሪ ብትገዛ፣ ልዩነቱን የምትከፍለው በዓይኗ፣ በአንገቷና በጊዜዋ ነው። በሳምንት ሁለት ደብዳቤ የሚጽፍና ከዘመዶቹ ጋር በምስል የሚነጋገር ጡረተኛ ግን ከርካሹ ላፕቶፕ የሚደርስበት ጉዳት ስለሌለ፣ ለእርሱ የረቢ ሒስዳ ተግሣጽ በቦታው ይቆማል።

ይሁን እንጂ ይህ መርሕ ለፈለገ ሁሉ ፈቃድ መስጫ እንዳይሆን ገደብ ያስፈልገዋል፤ ሰው የሚፈልገውን ሁሉ ለአካሌ ያስፈልገኛል ማለት አይቸግረውምና። ራምባም በሚል ምኅጻረ ስም የሚታወቀው ሙሴ ቤን ማይሞን (1138–1204) ሚሽኔ ቶራ በተባለው የሕግ መጽሐፉ፣ ስለ ጠባይ በሚናገረው ክፍል፣ ሰው በመብልና በመጠጥ ከአቅሙ በታች እንዲኖር፣ በልብስ በአቅሙ ልክ እንዲወጣ፣ ሚስቱንና ልጆቹን ግን ከአቅሙ በላይ እንዲያከብር ያስተምራል። ላፕቶፕ ከእነዚህ ሦስት መደቦች ወደ አንዱ የሚገባው በዋጋው ሳይሆን በአገልግሎቱ ነው፦ በስብሰባ ጠረጴዛ ላይ የአርማው ብልጭታ እንዲታይ የሚገዛ ከልብስ አይለይም፤ ለልጅ ትምህርት የሚገዛ ወደ ሦስተኛው ይጠጋል። ቤጻ በተባለው የታልሙድ ክፍል የሰው የዓመት ገቢ ከሮሽ ሃሻና፣ ማለትም ከአይሁድ አዲስ ዓመት፣ ጀምሮ ሲወሰን የሰንበትና የበዓላት ወጪ፣ የልጆችም የኦሪት ትምህርት ወጪ ከዚያ ስሌት ውጭ እንደሆነ ተነግሯል፤ ይህን ወደ ሒሳብ አያያዝ ወይም ወደ ምሕንድስና ትምህርት ማስፋት ግን ጽሑፉ ከሚለው አልፎ መሄድ በመሆኑ፣ ለሙያ ትምህርት የሚሻለው ማስረጃ ከኦሪቱ ራሱ የሚገኘው ነው።

ያም ማስረጃ በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 24 ያለው የወፍጮ ሕግ ነው። አበዳሪ ወፍጮውንም ሆነ መጁን መያዣ አድርጎ እንዳይወስድ ኦሪቱ ሲከለክል የሰጠው ምክንያት እንዲህ ያለው መያዣ ነፍስን እንደ መያዝ መቆጠሩ ነው። ወፍጮ እንጀራ የሚገኝበት ዕቃ በመሆኑ ከሌላው ንብረት ተለይቶ በባለቤቱ ሕይወት ደረጃ ተቆጠረ። የቤተ እስራኤል ታሪክም ይህን ለመረዳት ሩቅ አይደለም፤ በጎንደርና በአካባቢው ወንዶቹ ባለ እጆች ሆነው ማረሻና ማጭድ ሲቀጠቅጡና ሲሸምኑ፣ ሴቶቹም ሸክላ ሲሠሩ ኖረዋልና፣ የሌላው ገበሬ ዓመት በእነርሱ መሣሪያ ጥራት ላይ ይንጠለጠል ነበር። ዛሬ የአንዲት ሒሳብ ሠራተኛ ወፍጮ ላፕቶፗ ከሆነ፣ በግብር ማስገቢያ ሳምንት የሚሰበር ላፕቶፕ መሸጥም ሆነ መስጠት የእንጀራ ጉዳይ ነው።

ስለ መስጠት ከተነሳ፣ የምጽዋት ሕግ ከሁሉ ይልቅ ለጉዳዩ ይቀርባል። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 15 ለችግረኛ የጎደለውን ያህል እንዲሰጠው ያዛል፤ ሊቃውንቱም ይህን ሲተረጉሙ ሰጪው የጎደለውን የመሙላት ግዴታ እንዳለበት፣ ተቀባዩን ባለጸጋ የማድረግ ግዴታ ግን እንደሌለበት ወስነዋል። መለኪያው ተቀባዩ ራሱ መሆኑን ለማሳየትም ሒሌል የተባለው ሊቅ ከትልቅ ቤት ተወልዶ ለደኸየ ሰው የሚቀመጥበት ፈረስና በፊቱ የሚሮጥ አገልጋይ እንዳቀረበለት ታልሙዱ ይተርካል። ሁለት መቶ ላፕቶፕ በአንድ ጨረታ፣ ሁሉንም ከዝቅተኛው ደረጃ ገዝቶ ማከፋፈል ለሰጪው ሪፖርት ይመቻል፤ ነገር ግን ፕሮግራም ለሚማረው ወጣት የጎደለው ሳይሞላ፣ ድርሰት ብቻ ለሚጽፈው ከበቂ በላይ ሆኖ ይቀራል። ይህ እኩልነት ይምሰል እንጂ ሕጉ የጠየቀው አይደለም።

የሻጩም ድርሻ ቀላል አይደለም። በዕውር ፊት ዕንቅፋት እንዳይቀመጥ የሚከለክለውን የዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 ቃል የጥንት ተርጓሚዎች የራሱን ጥቅም ደብቆ ለማያውቅ ሰው ክፉ ምክር የሚሰጥን ሰው እንደሚመለከት አስረድተዋል፤ ዕብራይስጥ አንብባ ለማትዘልቅ እናት የማያስፈልጋትን ደረጃ በረጅም ወርሃዊ ክፍያ የሚያስገዛ ሻጭ ከዚህ አያመልጥም። ኦናአ የተባለው ከገበያ ዋጋ በላይ የማስከፈል ሕግም ጭማሪው አንድ ስድስተኛ ሲደርስ ትርፉ እንዲመለስ፣ ከዚያ ሲያልፍ ሽያጩ ራሱ እንዲፈርስ ያዛል። ሚሽናም ለሽያጭ የቀረበን አሮጌ ዕቃ ቀብቶ አዲስ ማስመሰልን ስለሚከለክል፣ ይህ ቃል ከመሥሪያ ቤቶች ተመልሰው ታድሰው የሚሸጡትን የከፍተኛ ደረጃ ላፕቶፖች በቀጥታ ይመለከታል። እነዚህ ላፕቶፖች ጠንካራውን ማጠፊያና ብሩሁን ስክሪን በርካሹ ዋጋ ስለሚያስገኙ ለብዙ ተማሪ ከአዲሱ ርካሽ ይሻላሉ፤ ግን የባትሪው ድካምና ዕድሜው ተነግሮ መሸጥ አለባቸው። ዊንዶውስ 10 መደበኛ የደህንነት ድጋፉ በጥቅምት 14፣ 2025 ያበቃ በመሆኑ፣ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከስምንተኛው ትውልድ በታች ያሉ አብዛኞቹን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች በይፋ ስለማይቀበል፣ ይህን ሳይናገር የሚሸጥ ሰው አሮጌ ዕቃ ቀብቶ ከሚሸጠው አይለይም።

እንግዲህ በሐዴራ ለራሱም ሆነ ለልጁ የሚገዛ ወላጅ፣ እንዲሁም ለተማሪ የሚለግስ ማኅበር፣ የዋጋ ዝርዝር ከመክፈቱ በፊት ተጠቃሚውን ራሱን ይጠይቅ፦ በቀን ስንት ሰዓት፣ የት ተቀምጦ፣ ለምን ሥራ፣ ለስንት ዓመት እንደሚጠቀምበት። መልሱ ርካሹን ካሳየ ያለ እፍረት ርካሹን፣ የጸናውን ካሳየ ያለ ጸጸት የጸናውን ይግዛ፤ ለአዲሱ የጸና አቅም ካልደረሰም ዕድሜውና ባትሪው በጽሑፍ የተገለጸ፣ ዋስትናም ያለው የታደሰ ላፕቶፕ ይፈልግ።