ከሚሴ ላይ ለምሳ ስንወርድ

ከአዲስ አበባ በደሴ መንገድ የተነሣ መንገደኛ የጣርማ በርን ብርድ አልፎ፣ ደብረ ሲናን ወርዶ፣ ሸዋ ሮቢትንና አጣዬን ከተሻገረ በኋላ የቆላው ሙቀት ይቀበለዋል። ቦርከና የሚያጠጣው የጨፋ ሸለቆ ሣር እዚያ ነው። በበጋ ወራት አፋሩም፣ አርጎባውም፣ ኦሮሞውም፣ አማራውም ከብቱን ይዞ የሚወርድበት ለምለም ረግረግ ነው። ታዲያ ከሚሴ ላይ መኪናው ቆሞ ረዳቱ “ምሳ! ሠላሳ ደቂቃ!” ሲል፣ የወረደው ሰው ከዋጋውም ከምግቡ ዓይነትም በፊት አንድ ነገር ይጠይቃል፦ “ሥጋው የማን ነው?”

አስተናጋጁ በጥያቄው አይቀየምም፤ ለምዶታል። ከሚሴ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ናት፤ የአካባቢው ሕዝብም አብዛኛው ሙስሊም ነው። ስለዚህ መልሱ ብዙ ጊዜ “የሙስሊም ነው” ይሆናል። አንዳንዱ ቤት ጥያቄውን አስቀድሞ በሰሌዳው ላይ ይመልሳል፤ ጨረቃ ወይም መስቀል ይሥልበታል። ከዚያ በኋላ መንገደኛው ወይ ይቀመጣል፣ ወይ ሌላ ቤት ይፈልጋል፣ ወይ ደግሞ “እንግዲያው ሽሮ አምጣልኝ” ይላል።

ለኮንፈረንስ ወደ ኮምቦልቻ ወይም ወደ ደሴ የሚጓዝ የወጣቶች ኅብረት ከዚህ ጥያቄ አያመልጥም። አንዱ “ክርስቶስ ነጻ አውጥቶኛል፤ ጥብስ ይምጣልኝ” ይላል። ሌላዋ “እኔ ሕሊናዬ አይፈቅድልኝም” ትላለች። ሦስተኛው ዝም ብሎ እጁን ይታጠብና ፓስታ ያዝዛል። መኪናው እንደገና ሲነሣ እስከ ሐርቡ ድረስ ክርክር ነው፤ ጥቅስ ከወዲያም ከወዲህም ይመዘዛል።

ክርክሩን የሚያስገርም የሚያደርገው አንድ ነገር አለ። እነዚሁ ልጆች አዲስ አበባ ሲሆኑ ይህን ጥያቄ አይጠይቁም። ቦሌ ላይ የየመን ማንዲ ሲበሉ ሩዙን ያደንቃሉ እንጂ ፍየሉን ማን እንዳረደው አይጠይቁም። የቱርክ ምግብ ቤት ገብተው ከባብ ሲያዝዙ፣ ሻዋርማ በወረቀት ተጠቅልሎ ሲሰጣቸው፣ ቢላው ላይ ምን እንደተባለ ትዝ የሚለው የለም። ለልደት ፎቶ ተነሥተው ይለጥፉታል እንጂ! ሻዋርማውም ማንዲውም በእስልምና ሥርዓት የታረደ ነው፤ ከከሚሴው ጥብስ በሥርዓቱ አይለይም። እንግዲህ ችግሩ ሥጋው ቢሆን ኖሮ ቦሌም ላይ ችግር በሆነ ነበር።

ሥጋው ካልሆነ ችግሩ ምንድን ነው? እኔ የሚመስለኝ ጎረቤቱ ነው። የመናዊው እንግዳ ነው፤ የእርሱን ምግብ መብላት ዓለምን እንደማየት ይቆጠራል። የከሚሴው ሰው ግን የአገራችን ሰው ነው። ከአያቶቻችን ጋር ገበያ የዋለ፣ የተጋባ፣ የተጣላ፣ የታረቀ ነው። የእርሱን ሥጋ መብላት በእኛ አገር ቋንቋ ከመጥገብ ያለፈ ትርጉም አለው።

ይህን ትርጉም በቀላሉ “የባህል ነገር ነው” ብሎ የሚያልፍ ሰው የወሎን ታሪክ ቢመለከት ደግ ነው። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ከደሴ ብዙ በማይርቀው በቦሩ ሜዳ ጉባኤ አድርገው የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ አዘዙ። የወሎው መሪ መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ኋላ ንጉሥ ሚካኤል የተባሉት እርሳቸው ናቸው። ከሕዝቡ ግን የተሰደደ አለ፣ የተዋጋ አለ፣ ቀን ክርስቲያን መስሎ ማታ በሃይማኖቱ የኖረም አለ። የሰው ልብ አይታይም፤ ማዕዱ ግን ይታያል። ስለዚህ በአገራችን “የእነ እገሌን ሥጋ በላ” ማለት “ተቀየረ” ማለት ሆኖ ቆየ። ክርስቲያኗ አያት የልጅ ልጇ “የእስላም ሥጋ” በላ ሲባል የምታለቅሰው፣ ሙስሊሟም እናት ልጇ “የክርስቲያን ሥጋ” በላ ሲባል ደረቷን የምትመታው በዚህ ምክንያት ነው። ሁለቱም ስለ ምግብ አይደለም የሚያለቅሱት።

መለየቱ ሁልጊዜ ንቀት አለመሆኑም መነገር አለበት። በወሎ ሠርግ ያደገ ሰው ያውቀዋል። ክርስቲያኑ ልጁን ሲድር ለሙስሊም እንግዶቹ ለብቻው በግ ወይም በሬ ያዘጋጃል፤ ሙስሊም ያርዳል፤ ሙስሊም ሴቶች በሌላ ድስት ይሠሩታል። ሙስሊሙም ለክርስቲያን ወዳጆቹ እንደዚያው ያደርጋል። ድስቱ ሁለት ነው፤ ዳሱ ግን አንድ ነው። “አንተን ስጋብህ የማትበላውን አላቀርብልህም” ማለት ትልቅ ፍቅር ነው፤ ነጻነቱን ብቻ ከሚያወራ አማኝ ብዙ ጊዜ የተሻለ ፍቅር ነው።

ወደ ቃሉ እንምጣ፤ ሐዋርያው ጳውሎስ ይህን ጥያቄ ከእኛ በፊት አግኝቶታልና። በዚያ ዘመን ዓለም ምግብ ቤትና ቤተ ጣዖት ብዙ የተራራቁ አልነበሩም። በቆሮንቶስ ቁፋሮ ከአስክሊፒዮስ መቅደስ ጋር የተያያዙ፣ ሰዎች ጋደም ብለው የሚበሉባቸው ክፍሎች ተገኝተዋል። በግብፅ ከተገኙት የፓፒረስ ጽሑፎች መካከልም ሰውን በሳራፒስ ማዕድ እራት የሚጋብዙ መጥሪያዎች አሉ። ዛሬ እኛ ልደትን በሆቴል እንደምናከብረው ማለት ነው። የቆሮንቶስ አማኝ “ከጓደኞቼ ጋር ወጥቼ ልብላ ወይስ ልቅር?” ብሎ ሲጠይቅ ጥያቄው የመዝናኛ ብቻ አልነበረም።

ሐዋርያው በአንደኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 8 እና 10 ላይ የሚሰጠውን መልስ ብዙዎቻችን በአንድ ቃል እንጨርሰዋለን፤ “ሁሉ ተፈቅዷል” ወይም “ወንድምህን አታሰናክል” እንላለን። እርሱ ግን ሦስት ቦታዎችን ይለያል። በጣዖቱ መቅደስ ውስጥ በሚደረገው ማዕድ መካፈልን ይከለክላል። በገበያ የሚሸጠውን ሥጋ ስለ ሕሊና ሳትመረምሩ ብሉ ይላል። ያላመነ ሰው ቢጋብዛችሁና ልትሄዱ ብትወዱ የቀረበላችሁን ብሉ ይላል፤ ነገር ግን አንድ ሰው “ይህ የተሠዋ ነው” ብሎ ቢነግራችሁ፣ ስለዚያ ስለነገራችሁ ሰው ተዉት ይላል።

የከሚሴው ምግብ ቤት ከሦስቱ የትኛው ነው? እኔ ገበያ ነው እላለሁ። አራጁ የፈጣሪን ስም ጠርቶ ደሙን ያፈስሳል፤ ጥብሱን ለማንም መሥዋዕት አድርጎ አላቀረበውም፤ በብር ይሸጠዋል። (ስለ ደም ከተነሣ፣ በሐዋርያት ሥራ 15 ያለውን የደም ነገር ከብዙዎቻችን ይልቅ እርሱ የሚጠነቀቅ ይመስለኛል፤ ለጥሬ ሥጋ ወዳጆች የቀረበች ትንሽ ማስታወሻ ናት።) ለዐረፋ የሚታረደው ግን ሌላ ጥያቄ ያስነሣል፤ እርሱ ራሱን የቻለ የአምልኮ ሥርዓት ነው። በዚህ ጉዳይ ወንድሞች ይለያያሉ። “ደስታችሁን እካፈላለሁ፣ ሥጋውን ግን ተዉልኝ” የሚለውን ወንድም አልነቅፈውም።

ይሁን እንጂ “መብላት ይቻላል” ማለት የጥያቄው ትንሹ ክፍል ነው። ወደ ገላትያ ምዕራፍ 2 ሂዱ። ጴጥሮስ በአንጾኪያ ከአሕዛብ ጋር አብሮ ይበላ ነበር። ከኢየሩሳሌም ሰዎች ሲመጡ ግን ፈርቶ ከማዕዱ ራቀ። ጳውሎስ በሰው ሁሉ ፊት የተቃወመው ጴጥሮስ የምግብ ትምህርቱን ስላበላሸ አይደለም፤ ትምህርቱን ያውቀው ነበር። የተቃወመው ማን እንደሚያየው ቆጥሮ ስለ ተነሣ ነው። ቦሌ ላይ የምንበላውን ከሚሴ ላይ የምንጠየፈው እኛም እንደዚያው ማን እንደሚያየን ቆጥረን ይሆናል። ወይም በተቃራኒው፦ ከሽማግሌዎቻችን ዓይን ርቀን ከሚሴ ላይ ጥብስ እያዘዝን፣ ቤት ስንደርስ “ሽሮ ነው የበላነው” የምንል እንኖራለን። ይህን ነጻነት ማለት ያስቸግረኛል።

አሁን ደግሞ ብዙም የማይነሣውን ልንገራችሁ። ሙስሊም ጓደኛችሁ እናንተ ቤት መጥቶ ሥጋ አይበላም፤ በአገራችን የሙስሊሞች ልማድ አይፈቀድለትም። እናንተ ግን የእርሱ ቤት ሄዳችሁ ልትበሉ ትችላላችሁ። አንዱ ብቻ ሊሻገረው በሚችለው ድልድይ ላይ መሻገር የሚገባው ማን ነው? የሚችለው አይደለምን? ስለ ነጻነታችን ስናወራ “እኔ ምን ልበላ እችላለሁ” ላይ እንቆማለን፤ ጳውሎስ ግን ነጻነቱን ወደ ሌላው የሚሄድበት እግር አድርጎታል። “የእናንተን አልበላም” የሚል ክርስቲያን እና “የእናንተን ልበላ አልችልም” የሚል ሙስሊም በአንድ ሰፈር ስልሳ ዓመት ኖረው አንድ ጊዜ እንኳ በአንድ ትሪ ላይ እጃቸው ሳይገናኝ ሊሞቱ ይችላሉ።

ይህ በሰላም ጊዜም ከባድ ነው። በ2013 ዓ.ም. በአጣዬና በዙሪያዋ ባሉ ቦታዎች በሆነው ግጭት ሰዎች ሞተዋል፤ ቤቶች ተቃጥለዋል፤ ብዙዎች ተፈናቅለዋል። ሐዘኑ ከአንድ ወገን ብቻ አይደለም። ከዚያ በኋላ በዚህ መንገድ ለሚያልፍ ሰው “የትኛው ቤት ልብላ” የሚለው ጥያቄ ውስጥ ፍርሃት ገብቶበታል። የፈራውን አልወቅስም። ፍርሃቱን “ሕሊናዬ አይፈቅድም” በሚል የመንፈሳዊነት ልብስ ሸፍኖ ሲያቀርበው ግን ልብሱን ማውለቅ ይገባል። ሕሊናና ፍርሃት የሚመሳሰሉ ድምፆች ናቸው፤ የሚናገሩት ግን ስለ ተለያየ ጌታ ነው።

ሌላም አደጋ አለ። ማዕዱን መንጠቆ የምናደርግ አለን፤ “አብሬው ልብላና ልቡ ሲከፈት እመሰክርለታለሁ” ብለን ጥብሱን የስብከት መግቢያ የምናደርግ። ምስክርነት መልካም ነው፤ በማዕድ ላይ የሚነሣ ወሬ ወደ ጌታ ቢመራ ደስ ይላል። ሰውዬው ግን የጋበዘን ወዳጅ አድርጎን ነው። እንደ ዓሣ መቆጠሩን ቢያውቅ ምን ይሰማው ነበር? እኛስ በእርሱ ቦታ ብንሆን?

ከሁሉ በላይ የሚከብደኝ ከሙስሊም ቤተሰብ መጥቶ ጌታን የተቀበለው ወጣት ነገር ነው። በአንዳንድ ኅብረቶቻችን ለገና በዓል ሥጋ ወጥ ይቀርብለትና ዓይን ሁሉ እርሱ ላይ ያርፋል፤ “ብላ እንጂ! ነጻ ወጥተህ የለ?” ይባላል። እርሱ ያቺን አንድ ጉርሻ ከዋጠ እናቱ ዘንድ ወሬው ሲደርስ የእናቱ በር ሊዘጋበት ይችላል። ባይበላ ደግሞ “ገና አልጠራም” ሊባል ነው። ወገኖቼ፣ ይህ በዶሮ ወጥ የሚደረግ ቦሩ ሜዳ ነው። እምነቱን በትሪ የምንመረምረው ማን አድርጎን ነው? ጳውሎስ በሮሜ 14 የሚበላው የማይበላውን አይናቅ ሲል ትእዛዙን የሰጠው ለበላተኛው፣ ማለትም ለእኛ ነው። ይህ ልጅ ዕድሜ ልኩን የእናቱን ሥጋ ብቻ እየበላ ክርስቶስን ቢከተል ምን ይጎድልበታል? ይልቁን ከእናቱ ማዕድ ሳይርቅ የሚኖር አማኝ በዚያ ሰፈር ካለን ሁላችን የበለጠ ቅርብ ነው።

ታዲያ በዚያ የገና ቀን ምን ይደረግ? አንድ መንገድ አለ፤ ወሎዎች ለሠርጋቸው ሲያደርጉት የኖሩት ነው። ከበዓሉ ዋዜማ በጉ ከነገመዱ ወደ ሙስሊሙ ጎረቤት ደጅ ይወሰዳል፤ “አባባ፣ ቢላውን እርስዎ ይያዙልን” ይባላል። ሰውዬው በደስታ ያርዱታል፤ ቆዳውን አብረው ይገፍፋሉ። ድስቱ አዲስ ይገዛል። ሥጋውን ልጁም ይበላል፣ ኅብረቱም ይበላል፣ ጎረቤትየውም ከነቤተሰባቸው ተጠርተው ይበላሉ።

የኦርቶዶክሷ አያት ግን ከዚያ ሥጋ አይበሉም፤ ማንም አይግደርደርባቸው። ለእርሳቸው በጠዋቱ ሽሮ ይሠራላቸዋል፤ በቅቤ ይሁን ካሉም ቅቤ ይጨመርበታል፤ መደባቸውም ከትሪው ራቅ ሳይል ከጎረቤትየው ጎን ይዘጋጃል።