የጅብ ድርሻ

ደቻቱ በበጋ ወራት ውኃ የለውም። ድሬ ዳዋን ለሁለት የሚከፍለው ይህ ሰፊ የአሸዋ ወንዝ ቀን የእግረኛና የፍየል መንገድ ነው፤ ሌሊት ግን ሌላ መንገደኛ አለው። የቀፊራ ገበያ ተበትኖ፣ የሥጋ ቤቱ ትርፍራፊ ተጥሎ፣ የሰው እግር ጭር ሲል ጅብ ከኮረብታው ይወርዳል። ድምፁን የከዚራም ሆነ የመጋላ ነዋሪ ያውቀዋል። ይሁን እንጂ ያንኑ ድምፅ የሰሙ ሁለት ሰዎች አንድ ነገር አያስቡም። በግንብ ቤት ውስጥ የተኛው ሰው ወደ ሌላ ጎኑ ተገላብጦ እንቅልፉን ይቀጥላል፤ ከከተማው ውጪ በእሾህ አጥር ሥር ጋደም ያለው አርብቶ አደር ግን ተነሥቶ ፍየሎቹን ይቆጥራል። የሥነ ምግባር ጥያቄው የሚጀምረው ከዚህ ልዩነት ነው። ከአውሬ ጋር ተቻችሎ መኖር መልካም ነገር ከሆነ፣ የመልካምነቱን ዋጋ የሚከፍለው ማን ነው?

የሰውና የአውሬ ጉርብትና በዚህ አካባቢ የትናንት ነገር አይደለም። ከድሬ ዳዋ በስተደቡብ የሚገኘውና እ.ኤ.አ. በ1929 ለተመራማሪዎች የታወቀው የፖርክ ኤፒክ ዋሻ፣ ስሙ በፈረንሳይኛ ጃርት ማለት ሲሆን፣ የመካከለኛው የድንጋይ ዘመን ሰው የሠራቸው መሣሪያዎችና የአደኑ አጥንቶች የተገኙበት ነው። ከከተማይቱ በስተደቡብ ምዕራብ ባለው በለጋ ኦዳ የድንጋይ ግድግዳ ላይ ደግሞ በኋለኛው ዘመን የኖሩ አርቢዎች ከብቶችን በቀለም ሥለዋል። በእነዚህ በሁለቱ ሥፍራዎች መካከል የሚታየው ልዩነት ታላቅ የታሪክ ለውጥ ነው። አዳኙ ሰው ከጅብ ጋር በአንድ ሜዳ ላይ የሚሻማ ተፎካካሪ ነበር፤ አርቢው ሰው ግን የሚጠብቀው ሀብት አገኘ። ሀብት ባለበት ሌባ አለና ጅብም ሌባ የተባለው ከዚያ ወዲህ ነው። የአውሬው ጠባይ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የሰው የኑሮ ዘዴ ነው።

በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ ወደ ሐረር ተራራ መውጣቱን ትቶ ከግርጌው ሜዳ ሲደርስ ድሬ ዳዋ ተቆረቆረች። ሐዲዱ ሠራተኛውን፣ ነጋዴውንና የእጅ ባለሙያውን ከየአገሩ ሰበሰበ። ሕዝብ በተሰበሰበበት ከብት ይታረዳል፤ ከብት በታረደበት አጥንትና አንጀት ይጣላል። ስለዚህ ከተማው ለሰው እንጀራ እንደሆነ ሁሉ ለጅብም ማዕድ ሆነ። አውሬው ወደ ሰው የመጣው በድፍረት ሳይሆን በግብዣ ነው ለማለት ይቻላል፤ ጋባዡ ግን መጋበዙን አላወቀም።

በአማርኛ ተረትና ምሳሌ ጅብ ክብር የለውም። «ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» ሲባል ጉረኛ ነው፤ «የቸኮለ ጅብ ቀንድ ይነክሳል» ሲባል ሆዳም ቂል ነው። «ጅብ ከሚበላህ ጅብ በልተህ ተቀደስ» የሚለው ግን ከቀልድ ያልፋል። ጉዳት ሳይደርስ ቀድሞ መጉዳት ንጽሕና እንደሆነ የሚያስተምር ፍርድ ነውና። ይህ ፍርድ በአውሬው ላይ ብቻ አልቆመም። በብዙ የአገሪቱ ክፍሎች ብረት ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ፣ ቡዳ ናቸው እየተባለ፣ ማረሻውን የሚሠራውና እንስራውን የምታበጀው ሰው ከማዕድና ከጋብቻ ሲገለሉ ኖረዋል። በአውሬ ላይ የተወረወረው ጥላቻ ተመልሶ በሠራተኛው ሰው ላይ ማረፉን ይህ ታሪክ ያስረዳል። እንግዲህ ስለ ጅብ ትክክል ማሰብ ለጅብ ብቻ የሚደረግ ውለታ አይደለም።

ሳይንስም የድሮውን ፍርድ አሻሽሎታል። ሆላንዳዊው የእንስሳት ተመራማሪ ሀንስ ክሩክ በሴሬንጌቲና በንጎሮንጎሮ ያደረገውን ጥናት እ.ኤ.አ. በ1972 ሲያሳትም፣ ዥጉርጉሩ ጅብ በዚያ አገር አብዛኛውን ምግቡን ራሱ አድኖ እንደሚበላ አስረዳ። ጅብ በሴቶች የበላይነት በሚመራ መንጋ ይኖራል፤ የመንጋውን አባላት ለይቶ ያውቃል፤ ሌላው ሥጋ በል ትቶት የሚሄደውን አጥንት ሰብሮ ይፈጫል። ፈሪም ቂልም አይደለም። የሚበላው ያገኘውን ነው፤ የሚያገኘውም ሰው የተወለትን ወይም ሰው ያልጠበቀውን ነው።

ከድሬ ዳዋ የደንገጎን ዳገት ወጥቶ ሐረር ለደረሰ ሰው ሌላ አመለካከት ይጠብቀዋል። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን በታጠረው በጁገል ግንብ ላይ ከሰው መግቢያ በሮች ሌላ ለጅብ መተላለፊያ የሚሆኑ ቀዳዳዎች አሉ፤ በሐረሪ ቋንቋ «ወራባ ኑዱል» ይባላሉ። በዓሹራ በዓል ገንፎ ተሠርቶ ለጅብ ይቀርባል፤ አበላሉም ታይቶ የዓመቱ ዕድል ይተነበያል። ጅብ ክፉ መንፈስን ያባርራል የሚል እምነትም አለ። ከ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ ደግሞ ማታ ማታ ከግንቡ ውጪ በሰው እጅ ሥጋ እየተሰጠው ጎብኚ የሚመለከተው ትርኢት ሆኗል። ሐረሪው «ወራባ»፣ ሶማሌው «ወራቤ»፣ ኦሮሞው «ወራቤሳ» ሲሉት ስሙ እንኳ የጋራ ይመስላል። አጥር ሠርቶ በአጥሩ ላይ ለጠላቱ ቀዳዳ የተወ ኅብረተሰብ ጥልቅ ነገር ተረድቶ ነበር፤ ይኸውም ሊጠፋ የማይገባውን ጎረቤት መንገዱን መወሰን እንደሚሻል ነው።

ይህን ጉርብትና የሚደግፍ ተጨባጭ ማስረጃም አልጠፋም። በመቀሌና በዙሪያዋ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት ጅቦች በዓመት 207 ቶን ያህል የእንስሳት በድን እንደሚያስወግዱ፣ በዚህም ሳቢያ በአባ ሰንጋና በከብት ሳምባ ነቀርሳ ሊያዙ ይችሉ የነበሩ 5 ሰዎችና 140 የቤት እንስሳት በየዓመቱ እንደሚድኑ ገምቷል። ደመወዝ የማይከፈለው የጽዳት ሠራተኛ ማለት ይህ ነው። የመቀሌው ስሌት ለሌላ ከተማ ቁጥር በቁጥር ባይሠራም፣ በድን በየሜዳው በሚጣልበት ከተማ ሁሉ ነገሩ አንድ ነው።

ነገር ግን ከዚያው ከሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል የተገኘ ሌላ ጥናት የሒሳቡን ሌላ ገጽ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው ይህ ጥናት የጅብን ኩስ መርምሮ በውስጡ የተገኘውን ፀጉር ለየ። በዐቢይ ጾም ወራት ምእመናን ሥጋ ስለሚተዉ የሥጋ ቤት ትርፍራፊ ይቀንሳል፤ ጅብም ፊቱን ወደ አህያ ይመልሳል። በኩሱ ውስጥ የተገኘው የአህያ ፀጉር ድርሻ በጾሙ ጊዜ ከእጥፍ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። ጾመኛው በደል አልሠራም፤ ጅቡም በደል አልሠራም። ሆኖም የአንዱ ጽድቅ በሌላው አህያ ተከፈለ። አህያዋ የማን ናት? የውኃ ቀጂዋ፣ የእንጨት ሻጯ፣ በጀርባዋ ላይ የዕለት ጉርሱን ጭኖ ገበያ የሚወጣው ሰው ናት።

የነገሩ እምብርት እዚህ ላይ ነው። ጥቅሙ ለከተማው ይደርሳል፤ ጉዳቱ በበረቱ ላይ ያርፋል። በሽንሌ ሜዳ ላይ ሃያ ፍየል ያለው አንድ አርብቶ አደር ለምሳሌ ቢወሰድ፣ አንዲት ወላድ ፍየል በአንድ ሌሊት ሲያጣ የሚያጣው ከሃያ አንዱን ብቻ አይደለም። የልጆቹን ወተት፣ የሚቀጥለውን ዓመት ግልገሎች፣ በድርቅ ወራት ወደ እህል የሚለውጣትን የመጨረሻ መተማመኛ ያጣል። ይህ ሰው በማግሥቱ በተረፈው በድን ላይ መርዝ ቢነሰንስ አረመኔ ነው ማለት ይቀላል። ነገር ግን ጅብን በጎብኚ ዓይን የሚያደንቀው ሰው ከኪሱ ምንም ሳያወጣ የሚያሳየው ርኅራኄ በምን ሚዛን ከእረኛው ቁጣ ይበልጣል? ዋጋ ያልተከፈለበት ቻይነት ገና ምግባር አልሆነም፤ ምኞት ነው። መርዙም በበኩሉ ፍትሕ አይደለም። ገዳዩን ከሌላው አይለይም፤ ጥንብ አንሣውን፣ ቀበሮውን፣ የእረኛውን የራሱን ውሻ አብሮ ይጨርሳል።

በዚህ ክርክር ውስጥ አውሬው ተከሳሽ ሊሆን አይችልም። ክስ የሚቀርበው ሌላ ማድረግ ይችል በነበረ ላይ ነው፤ ጅብ ደግሞ ከጅብነት ሌላ ምርጫ የለውም። መምረጥ፣ ማቀድና መከፋፈል የሰው ልጅ ችሎታ ነው፤ ኃላፊነቱም ከችሎታው ጋር የተወለደ ነው። ስለሆነም ጅብ ፍየል ሲበላ መጠየቅ ያለበት «አውሬው ለምን በላ?» ተብሎ ሳይሆን «ጉዳቱ በአንድ ሰው ጫንቃ ላይ ብቻ ለምን ቀረ?» ተብሎ ነው።

ከዚህም የከበደ ጉዳይ አለ። ጅብ ደጅ የሚያድርን ሰውና ያለ ጠባቂ የቀረን ሕፃን የሚያጠቃበት ጊዜ መኖሩ ሊሸሸግ አይገባም። የሰው ሕይወት ከማንኛውም አውሬ ሕይወት ይቀድማል፤ ሰውን የለመደ አውሬ መወገዱም ተገቢ ነው። ሆኖም በዚህም ረገድ አደጋው የሚደርሰው ግድግዳ በሌለው ሰው ላይ ነው። ጅብ ድኃን ከሀብታም ለይቶ አያውቅም፤ የሚለየው ኅብረተሰቡ የሠራው አጥር ነው። አውሬውን ሁሉ መጨረስ ቤት የሌለውን ባለቤት አያደርገውም።

ሌላው ዓለም ይህንኑ ጥያቄ በኃይል ሊፈታ ሞክሯል። በአውስትራሊያ ዲንጎ የሚባለው የዱር ውሻ ከበግ አርቢዎች ጋር ከመቶ ዓመት በላይ ሲጣላ ኖሯል። በዚያ አገር በጎቹን ከዲንጎ ለመለየት የቆመው የሽቦ አጥር ከ5,600 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። በታዝማኒያ ደሴት ደግሞ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ1888 እስከ 1909 ታይላሲን የተባለውን ሥጋ በል አውሬ ለገደለ ሁሉ ሽልማት ከፈለ፤ ከ2,000 በላይ ተገደሉ፤ የመጨረሻው በ1936 በሆባርት የአራዊት ማቆያ ውስጥ ሞተ። ከዚያ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ለበጎቹ እልቂት የባዘኑ ውሾችና የአያያዝ ጉድለትም ተጠያቂ እንደነበሩ አመለከቱ። ፍርዱ ከተፈጸመ በኋላ የመጣ ምስክርነት ለሟቹ አይጠቅምም። የሽቦው አጥርም ለኢሳ አርብቶ አደር መፍትሔ አይሆንም፤ ዝናቡን ተከትሎ የሚጓዝ ሕዝብ በራሱ መንገድ ላይ አጥር አይተክልምና።

መፍትሔው ከአገሩ ባህልና ሕግ ውስጥ ሊገኝ ይችላል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን ይደነግጋል። ጅብም ከዚህ ሀብት የሚቆጠር ከሆነ፣ ሀብቱ የጋራ ሆኖ ጉዳቱ የግል ሊሆን የሚችልበት አመክንዮ የለም። በኦሮሞ ዘንድ ቡሳ ጎኖፋ በመባል የሚታወቀው ሥርዓት ከብቱ ላለቀበት ወገን ከብት አዋጥቶ እንደገና ያቋቁማል። ደገኛውም በዕድርና በደቦ ሸክምን ያከፋፍላል። እነዚህ ልማዶች አንድ እውነት ይናገራሉ፤ በአንዱ ላይ የደረሰ መከራ ለብዙዎች ሲከፋፈል መከራነቱ ይቀንሳል። ከጅብ ትርኢት ከሚገኘው ገንዘብ ጥቂቱ ለአርብቶ አደሩ በረት ማጠናከሪያ ቢውል፣ የከተማው በድን በሥርዓት ቢወገድ፣ ያረጀች አህያ ለሌሊት ከመለቀቅ ይልቅ ማደሪያ ብታገኝ፣ የሚወጣው ወጪ ከሚገኘው ሰላም አይበልጥም።

መምህሩና ከያኒውም በዚህ ሥራ ውስጥ ድርሻ አላቸው። ልጆች በተረት የሚያውቁት ጅብ ሁልጊዜ ቂል ነው፤ ጎብኚ በፎቶግራፍ የሚያውቀው ጅብ ሁልጊዜ ገራም ነው። በሁለቱም ሥዕል ውስጥ የጎደለ አንድ ሰው አለ፤ እርሱም ሌሊቱን ሙሉ የማይተኛው እረኛ ነው። የለጋ ኦዳ ሠዓሊ በድንጋዩ ላይ ያኖረው ማጣት የማይፈልገውን ነበር። የዛሬው ከያኒ ጅቡን ሲሥል እረኛውን፣ እረኛውን ሲሥል ጅቡን ቢጨምር፣ የከተማው ሰው በአልጋው ላይ ሆኖ የሚሰማው ድምፅ የማን በር ላይ እንደሚቆም ያውቃል።

ጅብ ከደቻቱ አሸዋ ላይ ነገም ይመለሳል። ድርሻውን ይፈልጋል፤ ማንም ቢቆጣ ማንም ቢያደንቅ ከመፈለግ አይቦዝንም። በሰው እጅ ያለው ውሳኔ ድርሻው ከማን ማዕድ እንደሚነሣ ነው። ከሁሉም ማዕድ ጥቂት ጥቂት ከተነሣ አብሮ መኖር እውነተኛ ይሆናል፤ ከአንዱ ምስኪን በረት ብቻ ከተነሣ ግን፣ በሐረር ግንብ ላይ የተተወው ቀዳዳ የጅቡ መግቢያ መሆኑ ቀርቶ የባለ አጥሩ ማምለጫ ይሆናል።